ብርሃን የሚመልስ ግድግዳ፦ የቤት ውስጥ ችግኝ ማሳደጊያዎን ምን ያልብሱት?

ሚኒያፖሊስ ወይም ስቶክሆልም ተቀምጦ የሐበሻ ቃሪያ፣ በሶብላ ወይም ጤና አዳም ከዘር ማብቀል የሚፈልግ ሰው ደጁ እስኪሞቅ መጠበቅ አይችልም። ቃሪያ ወደ ውጭ ከመዛወሩ በፊት ሁለት ወር ገደማ ቤት ውስጥ ማደግ አለበት። በዚያ ጊዜ ውጭው ገና ብርድ ነው፤ የመስኮት ብርሃን ብቻውን ደግሞ ችግኙን ወደ መስታወቱ አጉብጦ ያቀጥነዋል። አዲስ አበባም ቢሆን መስኮቱ ከጎረቤት ሕንፃ ጋር የተፋጠጠበት የኮንዶሚኒየም ነዋሪ በክረምቱ ደመና ይኸው ችግር ይገጥመዋል። ስለዚህ መብራት ይገዛል። ችግኙ አሁንም ሲቀጥንበት ሁለተኛ ይጨምራል። ሁለተኛውን ከመግዛትዎ በፊት ግን የመጀመሪያው መብራት ብርሃን የት እየሄደ እንደሆነ ይዩ። በአብዛኛው የሚሄደው ወደ ጎን ነው፤ መልሶ የሚያመጣው ደግሞ ግድግዳ ነው።

ስለ ግድግዳ ሲነሳ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «የትኛው ነው በጣም የሚያብረቀርቀው?» ብሎ ነው። ከዚያ በፊት መጠየቅ ያለባቸው ሦስት ነገሮች አሉ፦ ግድግዳው ለተክሉ ምን ያህል ቅርብ ነው? ምን ያህል ነጭ ነው? ንጽሕናውስ እስከ መቼ ይዘልቃል? እነዚህ ሦስቱ ከተስተካከሉ የማብረቅረቁ ጉዳይ ትንሽ ነው።

ብርሃኑ የት ይሄዳል?

በምሳሌ እንነሳ። ርዝመቱ 1 ሜትር ከ20፣ ስፋቱ 60 ሴንቲ ሜትር በሆነ ጠረጴዛ ላይ ችግኝ ደርድረዋል እንበል። ከመካከሉ 40 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ አንድ ትንሽ የኤልኢዲ ፓነል ተሰቅሏል። ሌንስ የሌለው ተራ ፓነል ብርሃኑን ቀጥታ ወደ ታች ብቻ አይለቅም፤ መካከሉን ጠንከር፣ ዳሩን ሳሳ እያደረገ ወደ ሁሉም ጎን ይበትነዋል። ሒሳቡ ሲሠራ ከፓነሉ ከሚወጣው ብርሃን ጠረጴዛው ላይ በቀጥታ የሚያርፈው ከመቶ 54 ያህሉ ነው። የቀረው 46 ከጠረጴዛው ዳር አልፎ ይሄዳል። በዙሪያው ጥቁር መጋረጃ፣ ቡናማ ቁም ሳጥን ወይም ያልተለሰነ የብሎኬት ግድግዳ ካለ እዚያው ተውጦ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። የኤሌክትሪኩን ሒሳብ ግን ሙሉውን ይከፍላሉ።

መብራቱን ዝቅ ማድረግ የሚሸሸውን ብርሃን ይቀንሳል። ይሁን እንጂ መካከል ያሉት ችግኞች ከሚገባው በላይ ሲያገኙ ዳር ያሉት ይራባሉ፤ ቁመታቸውም እኩል አይሆንም። ግድግዳ የሚያደርገው ተቃራኒውን ነው፤ የሚጨምረው በተለይ ለዳሮቹና ለማዕዘኖቹ ነው። ችግኝ ለሚያሳድግ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ አንድ ላይ የተዘሩ ችግኞች እኩል ካላደጉ ውሃ ማጠጣቱም ማዛወሩም ይዘበራረቃል።

መጀመሪያ ይለኩ

ምንም ነገር ከመግዛትዎ በፊት ያለዎትን ይወቁ። ለዚህ ስልክዎ ይበቃል። በአብዛኞቹ የአንድሮይድ ስልኮች ከፊት በኩል፣ ከጆሮ ማዳመጫው አጠገብ የብርሃን መለኪያ አለ፤ ብርሃንን በሉክስ የሚያሳይ ነጻ መተግበሪያ ያውርዱ። ስልኩ የሚሰጠው ቁጥር ከባለሙያ መሣሪያ ቁጥር ሊለይ ይችላል፤ እርስዎ ግን የሚፈልጉት «በፊት» እና «በኋላ» የሚለውን ማነጻጸር ስለሆነ አያስቸግርም።

ስልኩን ፊቱን ወደ ላይ አድርገው ችግኙ ቅጠል በሚይዝበት ከፍታ ላይ ያጋድሙት። ዘጠኝ ቦታ ይለኩ፦ አራቱን ማዕዘን፣ የአራቱን ጎን መካከል፣ እና መሃሉን። እጅዎና ራስዎ ጥላ እንዳይጥሉ ከጎን ሆነው ያንብቡ። የክፍሉን ሌላ መብራት ያጥፉ፤ መጋረጃውንም ይዝጉ። ቁጥሮቹን በወረቀት ላይ በጠረጴዛው ቅርጽ ይጻፏቸው፤ ይህን ወረቀት ኋላ ይፈልጉታል።

መብራቱ ነጭ ኤልኢዲ ከሆነ የሉክሱን ቁጥር ለ67 ቢያካፍሉት ተክል የሚጠቀምበትን የብርሃን መጠን፣ ማለትም በአንድ ካሬ ሜትር ላይ በሴኮንድ የሚያርፈውን ማይክሮሞል በግምት ያገኛሉ። ለቃሪያና ለቲማቲም ችግኝ በቀን ከ14 እስከ 16 ሰዓት የሚበራ ከ150 እስከ 250 ማይክሮሞል ጥሩ ነው፤ በሉክስ ሲነገር ከ10,000 እስከ 17,000 ገደማ መሆኑ ነው። ሐምራዊ ብርሃን የሚሰጡ ቀይና ሰማያዊ አምፖሎች ላይ ይህ ማካፈል አይሠራም፤ የሉክስ መለኪያ የተሠራው ለሰው ዓይን ስለሆነ ቀዩንና ሰማያዊውን አሳንሶ ያያል። እዚያ ላይ ቁጥሩን ለማነጻጸር ብቻ ይጠቀሙበት።

ግድግዳውን ወደ ተክሉ ያምጡት

ብዙዎች የክፍላቸውን አራት ግድግዳ ነጭ ቀብተው ጠረጴዛውን መሃል ያስቀምጡና ለውጥ አላየንም ይላሉ። ከጠረጴዛው አንድ ሜትር የራቀ ግድግዳ የመታውን ብርሃን መልሶ ሲበትነው ወደ ችግኙ የሚደርሰው ጥቂቱ ነው፤ የቀረው ወለሉን፣ ኮርኒሱንና ሌላውን ግድግዳ ያበራል። ክፍሉ ለሰው ዓይን ደመቅ ይላል፤ ቅጠሉ ግን ብዙ አያገኝም።

ስለዚህ ቀለም ወይም ላስቲክ ከመምረጥ በፊት ጠረጴዛውን ወደ ማዕዘን ያስጠጉ። እንዲህ ሲያደርጉ ሁለት ግድግዳ ያለ ወጪ አገኙ ማለት ነው። የቀሩትን ሁለት ጎኖች በተንቀሳቃሽ ሰሌዳ ይሸፍኑ። በሰሌዳውና በመጨረሻው ችግኝ ቅጠል መካከል 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ይተዉ፤ ቅጠል ግድግዳ ከነካ እርጥበት ይይዝና ይበሰብሳል። ከፍታው ከጠረጴዛው ገጽ ተነስቶ ከመብራቱ ትንሽ አለፍ ቢል ይበቃል። በምሳሌያችን የጠረጴዛው ዙሪያ 3 ሜትር ከ60 ነው፤ ከፍታውን 60 ሴንቲ ሜትር ብናደርገው ጠቅላላው ከ2.2 ካሬ ሜትር አይበልጥም። አንድ ሙሉ ክፍል ከመሸፈን ጋር ሲተያይ ኢምንት ነው፤ ጥቅሙ ግን ይበልጣል።

ስፋቱ በጨመረ ቁጥር የግድግዳው ድርሻ ይቀንሳል። ሦስት ሜትር በሦስት ሜትር በሆነ ክፍል ውስጥ ብዙ መብራት ደርድሮ የሚያሳድግ ሰው ከግድግዳው የሚያገኘው ጥቅም በመቶኛ ሲታይ አንድ ጠረጴዛ ካለው ሰው ያነሰ ነው፤ መካከል ያሉት ተክሎች ከግድግዳው የራቁ ናቸውና። ይህ መመሪያ የተጻፈው በዋናነት ለትንሹ ነው።

ነጭ ወይስ ብልጭልጭ?

አንድ ገጽ ከተቀበለው ብርሃን ስንት ከመቶ ይመልሳል የሚለው ቁጥር ዋናው መለኪያ ነው። ብርሃን ግድግዳ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ነጥሮ ስለማይቀር ትንሽ የሚመስል ልዩነት እየተባዛ ያድጋል። 90 ከመቶ የሚመልስ ግድግዳ ከሁለት ንጥረት በኋላ 81፣ ከሦስት በኋላ 73 ያስቀራል። 80 ከመቶ የሚመልሰው ከሁለት በኋላ 64፣ ከሦስት በኋላ 51 ነው። ይህ ግን ሰውን ወደ ውድ ዕቃ ሊያቻኩለው አይገባም። ትልቁ ዝላይ ያለው ከጨለማ ግድግዳ ወደ ነጭ ግድግዳ ሲሸጋገሩ ነው። ያልተቀባ ሲሚንቶ ከሚያርፍበት ብርሃን አብዛኛውን ይውጣል፤ ጥሩ ነጭ ቀለም ደግሞ ከ80 በላይ ይመልሳል። ከጥሩ ነጭ ቀለም ወደ ምርጥ ብልጭልጭ ላስቲክ ሲሄዱ የሚያገኙት ጭማሪ ጥቂት ከመቶ ነው፤ ላስቲኩ አቧራ ሲይዝና ሲጨማደድ ያቺም ትጠፋለች።

ነጭ ደብዛዛ ገጽ ብርሃንን ወደ ሁሉም አቅጣጫ ይበትነዋል። መስታወት መሰል ገጽ ደግሞ በመጣበት ማዕዘን ልክ ወደ ሌላው ጎን ይልከዋል። ለመስታወት መሰሉ ገጽ ትክክለኛ ዋጋውን ልስጠው፤ ከላይ ወደ ታች አጋድሎ የመጣ ጨረር ቀጥ ባለ የመስታወት ግድግዳ ላይ ሲያርፍ ጉዞውን ወደ ታች ይቀጥላል፤ ነጭ ግድግዳ ግን ከፊሉን ወደ ላይ ይመልሰዋል። በጠባብና በንጹሕ ቦታ ጥሩ ብልጭልጭ ላስቲክ ትንሽ የሚበልጠው በዚህ ምክንያት ነው። ነጩ በበኩሉ ብርሃኑን እኩል ያዳርሳል፤ ከላይኛው ቅጠል ሥር ያለውንም ቅጠል ከብዙ አቅጣጫ ያገኘዋል። ችግኝን በተመለከተ እኩልነቱን አስቀድማለሁ።

ስለ ቀለሙ ዓይነት አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ክሬምና ቢጫ ዘለቅ ነጭ ለሳሎን ያምራሉ፤ ለችግኝ ግን አይሆኑም። አንድ ገጽ ቢጫ የሚመስለው ሰማያዊውን ብርሃን ስለሚውጥ ነው፤ ሰማያዊው ብርሃን ደግሞ አገዳው አጭርና ጠንካራ እንዲሆን የሚያደርገው ነው። ነጭ ማለት እዚህ ላይ ንጹሕ ነጭ ነው።

ዕቃዎቹ አንድ በአንድ

ደብዛዛ ነጭ የውሃ ቀለም። በእኛ ገበያ ፕላስቲክ ቀለም የሚባለው፣ የማያብረቀርቀው ዓይነት ነው። ቋሚ ቦታ ላለውና የራሱ ቤት ለሆነ ሰው የመጀመሪያ ምርጫዬ ይህ ነው። ርካሽ ነው፣ በየትም ይገኛል፣ አይቀደድም፣ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም፤ ሲቆሽሽም አንድ እጅ ይደገማል። ንጣቱን የሚሰጠው ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ የተባለ ዱቄት ነው፤ ጥራቱ ዝቅ ባለ ቀለም ውስጥ ይህ ዱቄት ይሳሳና በርካሽ መሙያ ይተካል፤ ያን ጊዜ ሁለት እጅ ቀብተውም የሥረኛው ግድግዳ ብቅ ይላል። ለኮርኒስ የሚሸጠው ነጭ ብዙውን ጊዜ ደብዛዛና በጣም ነጭ ስለሆነ ለዚህ ሥራ ይመቻል። አሜሪካና አውሮፓ ያላችሁ በቀለም ናሙና ካርድ ጀርባ ላይ ቀለሙ ስንት ከመቶ ብርሃን እንደሚመልስ የሚገልጽ ቁጥር ታገኛላችሁ፤ 85 እና ከዚያ በላይ የሆነውን ምረጡ። ሻጩ ማቅለሚያ ጠብታ እንዳይጨምርበት ንገሩት።

ሲቀቡ ግድግዳውን በሳሙና አጥበው ያድርቁ፤ ሻጋታ ካለ መጀመሪያ እሱን ያጽዱ። ጨለማ ግድግዳ ከሆነ መነሻ ቀለም ይቅደም፤ ከዚያ ሁለት እጅ ይቀቡ። አንዱ እጅ ሳይደርቅ ሌላውን አይደርቡ። ሽታው ሙሉ በሙሉ እስኪጠፋ ክፍሉን አየር እያስገቡ ቢያንስ ጥቂት ቀናት ያቆዩ፤ ችግኝ የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው።

ኖራ። አባቶቻችን ቤት ያነጡበት ኖራ አሁንም ጥሩ ዕቃ ነው፤ በተለይ ባልተቀባ ልስን፣ በጭቃ ግድግዳና በብሎኬት ላይ። ሲቀባ ግራጫ ይመስላል፤ ከአየር ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየወሰደ ወደ በሃ ድንጋይ ሲመለስ ይነጣል። ትኩስ ኖራ አልካሊነቱ ከፍተኛ ስለሆነ ሻጋታ አይወደውም፤ እርጥበት ላለበት ክፍል ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። ግድግዳውን በውሃ ያርጥቡ፤ ኖራውን እንደ ወተት እስኪቀጥን በውሃ በጥብጠው ያጥልሉ፤ አንድ ወፍራም ከመቀባት ይልቅ ሦስት ቀጫጭን ይቀቡ። ዓይንና ቆዳ ያቃጥላል፤ መነጽርና ጓንት ሳያደርጉ አይንኩት። ጉድለቱ ሲነኩት ልብስ ማንጣቱና በፕላስቲክ ቀለም ላይ አለመያዙ ነው።

ነጭና ጥቁር ላስቲክ። አንድ ፊቱ ነጭ፣ ሌላው ጥቁር የሆነ ወፈር ያለ የፖሊኤትሊን ላስቲክ ነው፤ ለከብት መኖ ገፈራ መሸፈኛም ይውላል። ነጩ ወደ ተክሉ፣ ጥቁሩ ወደ ውጭ ይዞራል። ጥቁሩ ብርሃን ወደ ክፍሉ እንዳያልፍ ስለሚከለክል ችግኙ ከመኝታ ቤት ጋር አንድ ክፍል ለሚጋራ ሰው ይጠቅማል፤ በውሃ ይታጠባል፤ ቤት ሲለቁ ተጠቅልሎ ይሄዳል። ለተከራይ ከቀለም የምመርጠው ይህን ነው። ፖሊኤትሊን መሆኑን ያረጋግጡ። ለስለስ ያለ፣ ሽታው የሚከረፋ የፒቪሲ ላስቲክ አይግዙ፤ አንዳንዱን ለማለስለስ የሚጨመረው ዳይቡታይል ፍታሌት የተባለ ኬሚካል በትነት ወጥቶ ተክልን እንደሚጎዳ የታወቀ ነው፤ ቅጠሉ ይነጣል፣ እድገቱም ይቆማል።

ብልጭልጭ ላስቲክ፣ ማይላር። ፖሊኤስተር ላስቲክ ላይ ስስ አልሙኒየም ተለጥፎበት የሚሠራ ነው። ከማራቶን በኋላ ብርድ እንዳይመታቸው ሯጮች ትከሻ ላይ ሲጣል በቴሌቪዥን ያያችሁት ያ ብልጭልጭ መጎናጸፊያ የዚሁ ዘመድ ነው። አዲስ፣ ንጹሕና ውጥር ያለ ከሆነ ከ90 ከመቶ በላይ ሊመልስ ይችላል። ነገር ግን ያ የሯጮቹ መጎናጸፊያ እጅግ ቀጭን ነው፤ አምፖል ላይ ከጋረዱት የአምፖሉ ቅርጽ በውስጡ ይታያል፤ ያ የሚታየው ሁሉ የሚያመልጥዎ ብርሃን ነው። ለግድግዳ የሚሆነው 50 ማይክሮን ወይም ከዚያ የሚወፍር ነው። ከጀርባው ጠፍጣፋ ሰሌዳ ያስፈልገዋል፤ አለዚያ ይጨማደዳል፣ ይርገበገባል። ሲጸዳ ለስላሳ እርጥብ ጨርቅ ብቻ ይጠቀሙ፤ በሻካራ ስፖንጅ ከታሸ አልሙኒየሙ ይፋቃል። ተሰፍተው የሚሸጡ የተክል ማሳደጊያ ድንኳኖችም ውስጣቸው በአብዛኛው በዚሁ ዓይነት የተሸፈነ ነው።

የወጥ ቤት ፎይል። ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያስበው ይህን ነው፤ እኔ መጨረሻ ላይ አስቀምጠዋለሁ። ፎይል ቅጠል ያቃጥላል የሚለው ወሬ የተጋነነ ነው፤ የተጨማደደ ፎይል ብርሃን ሰብስቦ አንድ ነጥብ ላይ የሚያከማች መስታወት አይሆንም። ብልጭልጩና ደብዛዛው ፊቱም የሚመልሱት ብርሃን መጠን ተቀራራቢ ነው። የማልወደው በሌላ ምክንያት ነው፤ በትንሹ ይቀደዳል፣ እጥፋቱ አቧራ ይይዛል፣ ሊጸዳ አይችልም፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ብረት ስለሆነ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። ውሃ፣ ሽቦና ፎይል በአንድ ጠረጴዛ ላይ አይሰብሰቡ።

ነጭ ፎም ሰሌዳ። ቀላል፣ ነጭና ሙቀት የሚይዝ ነው፤ በቀዝቃዛ ምድር ቤት ችግኙን ከብርዱም ይጋርዳል። ነገር ግን በፍጥነት ይቀጣጠላል፤ ጭሱም አደገኛ ነው። በአሜሪካ የግንባታ ደንቦች ቤት ውስጥ የሚገባ ፎም በጂፕሰም ሰሌዳ ወይም በመሰል መከላከያ እንዲሸፈን የሚጠይቁት ለዚህ ነው። ከሚግል አምፖል አጠገብ በፍጹም አይጠቀሙት።

መስታወት ከባድ ነው፣ ይሰበራል፣ ብርሃኑም ብርጭቆውን ሁለት ጊዜ ስለሚያቋርጥ ከነጭ ቀለም ብዙም አይበልጥም። ነጭ አንሶላ ብርሃን ያሳልፋል፤ እርጥበትም ይይዛል። ለአንድ ወቅት ብቻ ከሆነ ነጭ ወፍራም ካርቶን ደህና ነው፤ ውሃ ካልነካው ሁለት ወሩን ይጨርሳል።

እንደ ቤትዎ ይምረጡ

ተከራይ ከሆኑና ግድግዳ መቀባት ያስያዙትን ገንዘብ የሚያስቀር ከሆነ ቀለሙን ግድግዳው ላይ ሳይሆን ሰሌዳ ላይ ይቀቡት፤ አሠራሩን ከዚህ በታች እገልጻለሁ።

በብርድ አገር የቤቱ የውጭ ግድግዳ ከውስጥ በኩል ቀዝቃዛ ነው። በዚያ ላይ ላስቲክ በቀጥታ ከለጠፉ ከችግኙ የሚወጣው እርጥበት ከላስቲኩ ጀርባ ያልባል፤ በወራት ውስጥ ጥቁር ሻጋታ ይበቅላል፤ ከፊት ለፊት ስለማይታይም ቶሎ አያውቁትም። ቢያንስ 3 ሴንቲ ሜትር ክፍተት ይተዉ፤ አየሩ ከላይም ከታችም ይውጣ ይግባ። ከተቻለ የቤቱን የውስጥ ግድግዳ ይምረጡ።

አሜሪካ ውስጥ ከ1978 በፊት በተሠራ ቤት ምድር ቤት ውስጥ ከሆኑና አሮጌው ቀለም የሚረግፍ ከሆነ አይፋቁት፤ በአሸዋ ወረቀትም አይሹት። እስከዚያ ዓመት ድረስ ለቤት በሚሸጥ ቀለም ውስጥ እርሳስ የተባለው ብረት ይገባ ነበር፤ አቧራው በተለይ ለሕፃናት አእምሮ እጅግ አደገኛ ነው። እዚያ ቤት የሚያዋጣው ከግድግዳው ፊት የሚቆም ሰሌዳ ነው።

መብራት የሌለው፣ በመስኮት ብርሃን ብቻ የሚያሳድግ ሰውም ከዚህ ይጠቀማል። ችግኞቹን መስኮቱ ሥር ይደርድሩ፤ ከክፍሉ በኩል፣ ማለትም ከችግኞቹ ጀርባ ነጭ ሰሌዳ ያቁሙ። ከመስኮቱ የገባው ብርሃን ተመልሶ የቅጠሉን ጨለማ ጎን ያገኘዋል፤ ችግኙም ወደ መስታወቱ መጎንበሱን ይቀንሳል። ጠራራ ፀሐይ በቀጥታ በሚገባበት መስኮት ላይ ግን መስታወት ወይም ብልጭልጭ ነገር አያቁሙ፤ ነጩ ብርሃኑን በትኖ ያለሰልሰዋል።

ሰሌዳውን እንዲህ ይሥሩ

ስስ ኮምፔንሳቶ ወይም ቺፕውድ ይግዙ፤ 60 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ባላቸው ቁራጮች ያስቆርጡ። ለምሳሌያችን ጠረጴዛ ሁለት ባለ 1 ሜትር ከ20ና ሁለት ባለ 60 ሴንቲ ሜትር ይበቃል፤ ማዕዘን ውስጥ ካስጠጉትና ግድግዳው ነጭ ከሆነ ደግሞ ግማሹ።

ሁለቱንም ፊትና ጠርዙን ይቀቡ። አንድ ፊቱ ብቻ ከተቀባ እንጨቱ ከእርጥበቱ ጋር ይጣመማል። ላስቲክ የሚያለብሱ ከሆነ ሰሌዳው ላይ ወጥረው ከጀርባ በስቴፕለር ይምቱት፤ ፊት ለፊት ሚስማርና ፕላስተር አይብዛ።

ከታች ከጠረጴዛው ጋር 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ክፍተት እንዲኖር ትናንሽ እግሮች ያብጁለት፤ ላይኛውን ጎን ክፍት ይተዉት። አየር ከታች ገብቶ ከላይ ይወጣል። ብርሃን እንዳያመልጠኝ ብሎ አራቱንም ጎን፣ ላዩንም ግጥም አድርጎ የዘጋ ሰው ብርሃኑን ያተርፋል፤ ችግኙን ግን በእርጥበት ያጣዋል፤ ቡቃያው ከአፈሩ ገጽ ላይ ቀጥኖ ይወድቃል። ትንሽ ቬንትሌተር በቀስታ ቢነፍስ አገዳውም ይጠነክራል።

የፊት ለፊቱን ሰሌዳ በማጠፊያ ይግጠሙት ወይም ዝም ብለው ያስደግፉት። ለማጠጣት አስቸጋሪ የሆነ ሰሌዳ በሁለተኛው ሳምንት ተነስቶ ጥግ ይቀመጣል፤ በቀላሉ የሚከፈት መሆኑ ከማንኛውም ቁጥር ይበልጣል። የጠረጴዛውንም ገጽ አይርሱት፤ ችግኙ ትንሽ ሳለ አብዛኛውን ብርሃን የሚቀበለው እሱ ነው። ነጭ ትሪ ወይም ነጭ ላስቲክ ያንጥፉበት።

ኤሌክትሪክና እሳት

ዲቫይደሩን ከጠረጴዛው በታች ወለል ላይ አያስቀምጡ፤ ውሃ የሚወርደው ወደዚያ ነው። ከጠረጴዛው ከፍታ በላይ፣ ከሰሌዳው ውጭ ይስቀሉት። ሽቦው ወደ ሶኬቱ ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ቆልመም ይበል፤ በሽቦው ላይ የሚወርድ ውሃ ከታችኛው ነጥብ ላይ ይንጠባጠባል እንጂ ሶኬት ውስጥ አይገባም። አልሙኒየም ያለበት ማንኛውም ገጽ ከሶኬት፣ ከተላጠ ሽቦና ከመብራቱ መገናኛ ይራቅ። ኤልኢዲ ከሆነ በመብራቱና በሰሌዳው መካከል ቢያንስ አንድ ስንዝር፣ የሚግል የድሮ ዓይነት አምፖል ከሆነ ብዙ እጥፍ ያርቁ፤ ለሰዓታት ከበራ በኋላ ሰሌዳውን በእጅዎ ነክተው ሙቀት ከተሰማዎ ገና አልራቀም ማለት ነው።

እንደገና ይለኩ፤ ከዚያ ያስተካክሉ

ሰሌዳው ሲቆም ያን ወረቀት አውጥተው ዘጠኙን ቦታ እንደገና ይለኩ። ማዕዘኖቹ ላይ ግልጽ ጭማሪ፣ መሃሉ ላይ አነስ ያለ ጭማሪ ማየት አለብዎት። ማዕዘኑ አሁንም ከመሃሉ ግማሽ በታች ከሆነ መብራቱን ወደ 50 ሴንቲ ሜትር ከፍ ያድርጉት፤ ግድግዳ በሌለበት ጊዜ ከፍ ማድረግ ብርሃን መጣል ነበር፤ አሁን ግን ወደ ጎን የሄደውን ሰሌዳው ስለሚመልሰው ብዙም ሳይከስሩ እኩልነት ያገኛሉ። አጠቃላዩ ከሚፈለገው በላይ ከሆነ ደግሞ የመብራቱን ኃይል ይቀንሱ ወይም ሰዓቱን ያሳጥሩ፤ ይህ ከኤሌክትሪክ ሒሳብዎ ላይ በቀጥታ የሚታይ ቁጠባ ነው።

ችግኙም ይነግርዎታል። በአንድ ሳምንት ውስጥ አዲስ የሚወጣው የአገዳ ክፍል ከበፊቱ አጠር፣ ወፈር ካለ ተሳክቷል። የላይኛው ቅጠል ከነጣ ወይም ዳሩ ወደ ላይ ከተጠቀለለ በዝቶበታል፤ መብራቱን ከፍ ያድርጉ እንጂ ሰሌዳውን አያንሱ።

ውሃ ሲያጠጡ የሚረጨው አፈርና የማዳበሪያው ጨው በታችኛው አንድ ስንዝር ላይ ይከማቻል፤ ብርሃኑ ለችግኙ በጣም የሚጠቅመውም እዚያው ነው። በየሁለት ሳምንቱ በእርጥብ ጨርቅ ይጥረጉት። በወቅቱ መጨረሻ፣ ችግኞቹ ወደ ውጭ ከወጡ በኋላ፣ ሰሌዳውን በሳሙና አጥበው በፀሐይ ያድርቁት። በሚቀጥለው ዓመት ዘር ከመዝራትዎ በፊት ዘጠኙን ነጥብ ይለኩ፤ ማዕዘኖቹ ካለፈው ዓመት ቁጥር ከመቶ 10 በላይ ወርደው ካገኟቸው ሰሌዳውን አንድ እጅ ነጭ ይድገሙት፤ ላስቲክ ከሆነ ይቀይሩት። አዲሱንም ቁጥር በዚያው ወረቀት ላይ፣ ከአሮጌው ጎን ይጻፉት።